ጎበዝ ልጅ የሌለበት አገር

እናቴ አንድም ቀን «ጎበዝ ነሽ» ብላኝ አታውቅም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ ከትምህርት ቤታችን አንደኛ በወጣሁ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ጭቃውን እያቦካ እቤታችን ድረስ መጥቶ የምሥራቹን ነገራት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መቀመጫ አቅርባ፣ አመስግናው ስታበቃ «ፈተናው ቀሎ ይሆናል እንጂ ጌታየ፣ እሷስ ምኑን አውቃው!» አለችው። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሰውየው «አይ፣ ቀላል እንኳ አልነበረም» እያለ የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ ሄደ።

በዚያን ጊዜ በሽንዲ በኩል ባለው አገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ቡሬ ገብቼ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ መማር ጀመርሁ። እናቴ በየሳምንቱ ስንቄን አዝላ በእግሯ ትመጣለች። ዳቦ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም በቅል የተያዘ ቅቤ። ጭነቷን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ገና ላቧ ሳይደርቅ፣ ለአከራያችን «ምን ላርግ እሜቴ፣ ለዚች ለፈዛዛዋ ነው የምለፋ» ትላታለች። አከራያችንም በሐዘኔታ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ የሚደነግጥ አስተማሪ እያለ፣ በእናቴ አፍ ፈዛዛ መባል ያንገበግበኝ ነበር።

አሁን ፀጉሬ ሸብቶ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮሌጅ ውስጥ መምህራንን የማሠለጥን ሴትዮ ሆኛለሁ። እናቴ ግን ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት «አስተማሪዎቹን ታስተምራለች ይላሉ፤ እኔስ የማዝነው ለአስተማሪዎቹ ነው» ትላለች። ይህን ደግሞ ሰው ሰምቶ ይነግረኛል። ተቀይሜያት ኖሬያለሁ፤ ቅያሜዬም ከእድሜ ጋር ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልወጣልኝም።

ስለዚህ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለይተው እንዲያስተምሩ የገጠር መምህራንን ልናሠለጥን ነው ሲባል፣ ከባልደረቦቼ ሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ጎበዝን ልጅ አፉን ሞልቶ ጎበዝ የሚል ሰው ይፈጠር ዘንድ የበኩሌን ላደርግ ነው ብየ ደስ አለኝ። ወቅቱ በጋ ነው። መንገዱም ረገብ ብሎ፣ ሲዘጉ ሲከፈቱ የከረሙት ትምህርት ቤቶችም ሥራ ጀምረው ነበር። መምህራኑ ቅዳሜና እሑድ ፍኖተ ሰላም ይሰበሰባሉ፤ ሰኞ ወደየገጠራቸው ይመለሳሉ። ዋናው አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሲሆን እኔ ረዳቱ ነበርሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ የተመረጡት ልጆች ቡሬ ላይ በየቅዳሜው የሚሰጥ ልዩ ትምህርት ይጀምራሉ። አንድ ደንብ ግን አለ፤ በመዝጊያው ቀን የልጁ ወላጅ በሰው ፊት ተነሥቶ መፍቀድ አለበት። ወላጁ ካልፈቀደ ልጁ አይገባም።

ባለሙያው ቀጭን፣ መነጽራም፣ ድምፀ ለስላሳ ጎልማሳ ነው። ማንጎ በቢላዋ ልጦ፣ ቆራርጦ፣ በሹካ የሚበላ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነበር። እኛ ማሸት ማሸት አድርገን፣ ጫፏን በጥርስ በስተን እንመጥጣታለን እንጂ እንዲህ ያለ ወግ አናውቅም። ሆኖም ሥራውን የሚወድ ሰው ነበርና ወደድሁት።

የመጀመሪያውን ጠዋት በጥያቄ ጀመረ። «እስቲ ልጆች ሳላችሁ ጎበዝ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ። አዳራሹ ሙሉ መምህር ጫማ ጫማውን ማየት ያዘ። አንድ የሒሳብ መምህር ቀስ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ፤ ጎረቤቱም እጁን መትቶ አወረደው። ባለሙያው ትንሽ ጠብቆ ጠብቆ፣ ረዳቴ እንኳ ታውጣልኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እኔም የያዝሁትን ወረቀት አገላብጣለሁ።

«መልካም» አለ፣ ብዙም ሳይከፋው። «ልጅን ከወላጁ በላይ የሚያውቀው የለም። በዚህ ሳምንት ወላጆችን ጠይቁ። ጎበዝ ልጅ አለዎት ወይ፣ በሏቸው። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም በየተራ እየተነሣ ያገኘውን ተናገረ። አንዱ የጠየቃቸው አባት «የኔው? እንኳን ፊደል በግ መለየት አልቻለም» ብለዋል። ሌላዋ ያነጋገረቻት እናት ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ የልጇን ድንቁርና አጫውታታለች፤ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ከማንኩሳ የመጣው መምህር «ጎበዝ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ቡሬ ሂዱ፤ እዚህ የለም አሉኝ» አለ። ከቡሬ የመጣው ተነሥቶ «እኛ ዘንድ ደግሞ ወደ ማንኩሳ ሂዱ ነው ያሉን» አለ። ከአዳራሹ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ሁላችንም ነገሩን ከልብ ይዘነው ነበር። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ጠራርጎ መልሶ አጠለቀና «እንግዲህ በምዕራብ ጎጃም ጎበዝ ልጅ የለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን እሱ በቢላዋው፣ እኔ በጥርሴ ማንጎአችንን ስንበላ፣ ጨዋታ ለማምጣት ብሎ «እርስዎስ ልጅ አለዎት?» አለኝ።

«አንድ ወንድ ልጅ አለኝ» አልሁት። «ኧረ እሱን ተወው፣ ምንም አይረባ!»

ይህን ብየ ማንጎው አፌ ላይ ቀረ። ልጄ እኮ የሰፈሩን ሰው ስልክ ሁሉ የሚጠግን ነው። ማንም ሳያሳየው፣ ከተጣለ ዕቃ ላይ እየነቀለ፣ ሱቅ ያላቸው ባለሙያዎች የመለሱትን ስልክ ሳይቀር የሚያስነሣ ልጅ ነው። ሰውየው እንግዳ ነው፤ ልጄን አያውቀውም፤ ደግሞ ደግ ሰው ነው። ቢሆንም አፌ ከእኔ ቀድሞ ልጄን ደበቀው። በልቤ «ትፍ ትፍ» ማለቴንም ሰማሁት።

«ምነው?» አለ ባለሙያው።

«ልጆቹማ አሉ» አልሁት። «ደብቀዋቸው ነው።»

ከዚያ አስረዳሁት። በእኛ አገር የሚሳሱለትን ልጅ በሰው ፊት አያወድሱትም። ዓይን ይገባዋል። የታወቀ ልጅ ይታመማል፣ ይሰናከላል፣ ትምህርቱን ይጠላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ እናት አባቱ እየሰደቡ ያሳድጉታል። ሰው ድንገት ቢያደንቀው እንኳ «ከዓይን ያውጣህ» ብሎ መመረቅ አለበት፤ አለዚያ አድናቂው ራሱ በመጥፎ ዓይን ይታያል። ባለሙያው አፉን ከፍቶ ሰማኝና «ታዲያ እናንተ ሁላችሁም ይህን እያወቃችሁ...» አለ። ማወቁንማ እናውቃለን። ኮሌጅ ስንገባ ግን የቤታችንን እውቀት፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማ፣ ከበር ላይ አውልቀነው ነው የምንገባ። ይህንኑ ብየ ስነግረው ማንጎውን በሹካው እንደያዘ በጣም ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄውን ቀየርነው። «በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ፣ ከልጆችዎ በጣም የሚያስቸግርዎት የትኛው ነው በሏቸው» አልናቸው። መምህራኑ መጀመሪያ ተያዩ፤ ቀጥሎ ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ካለፈው ቅዳሜ የቀረው ሳቅ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት አልበቃን አለ። ሬዲዮ ፈታትቶ የገጠመ ልጅ መጣልን፤ አባቱ «ከዱሮው ይበልጥ እየጮኸ ጎረቤት አጣላኝ» ብለው ነው የከሰሱት። ዲያቆኑ ዜማ ሲስት ከሕዝቡ መሐል ሆኖ የሚያርም ልጅ መጣልን፤ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ይዛው መሄድ አፍራለች። የልጃቸው ጥያቄ አላስተኛ ያላቸው፣ ግድግዳውን በከሰል ሥዕል ያጠቆረባቸው፣ ነጋዴ ሲያጭበረብር በሰው ፊት ሒሳቡን የተናገረባቸው፣ ወላጆች ሁሉ አቤቱታቸውን አዘነቡት። አገሩ ለካ በሚያስቸግሩ ልጆች ተሞልቷል!

ከዚያ ሁሉ ልቤ የገባችው ግን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ናት። የእሷን ነገር ያመጣችልን ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የተመደበች ወጣት መምህርት ነበረች። አነጋገሯ የከተማ ልጅ ነው። «እኔ እኮ ፋራ መስላኝ ነበር፤ ለካ ጂኒየስ ናት!» ብላ ነው የጀመረችው።

ልጅቱ በትምህርት ሰዓት ጠጠር ከዴስክ ሥር እየደረደረች ትጫወታለች። መምህርቷ ተቆጥታ ምን እንደምትሠራ ስትጠይቃት «የውኃ ተራ ነው» አለቻት። አባቷ የመንደሩ የውኃ አባት ናቸው፤ ከወንዙ በቦይ የሚመጣውን ውኃ ለድንችና ለሽንኩርት አልሚው በየተራ የሚያከፋፍሉ፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኙ ሰው ማለት ነው። ልጅቱ ጠጠሮቹን በቦዩ ላይ ባሉት ማሳዎች አምሳል ደርድራ፣ የሌሊት ተራ የደረሰው ገበሬ በሚቀጥለው ሳምንት ቀን እንዲደርሰው አድርጋለች። ይባስ ብላ ደግሞ፣ ከቦዩ ጫፍ ላለው ገበሬ ውኃው መንገድ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ አስልታ ክሳለታለች። ይህን ያስተማራት የለም። በዚያ መንደር በውኃ መጣላት የቀረው አባቷ በየቅዳሜው ጠዋት፣ ገበሬው ሁሉ ከእርሻ በሚያርፍበት ቀን፣ የሳምንቱን ተራ ከማውጣታቸው በፊት ወደ ጓሮ ዞር ብለው ከልጃቸው ጠጠር ጋር ስለሚመካከሩ ነው። ሰው ግን ጥበቡ የእሳቸው ይመስለዋል፤ ወይም እንዲመስለው ይፈልጋል።

ባለሙያው ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «ይህቺ ልጅ የቅዳሜው ትምህርት ካልገባች እኛ ለምን መጣን!» አለ። ወጣቷ መምህርት በደስታ ቀልታ ወደ መንደሯ ተመለሰች።

የተመለሰችው ግን ከሥልጠናችን አንድ ሌላ ትምህርትም ይዛ ነው። በዚያው እሑድ ባለሙያው «የልጁን ችሎታ በግልጽ፣ በዝርዝር፣ በሰው ፊት አድንቁ» ብሎ አስተምሮ ነበር። እኔም እዚያው ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። መምህርቷ ሰኞ ከሰዓት እነልጅቱ ቤት ሄደች። ጎረቤቶች ለደቦ ተሰብስበው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። እሷም መሐላቸው ቆማ «ልጃችሁ ልዩ ናት! በዚህ ወረዳ እንደሷ ያለ ልጅ የለም! የውኃ ተራውን የምትሠራው እሷ እኮ ናት!» ብላ አፏን ሞልታ አወጀችው። «ከዓይን ያውጣት» እንኳ አላለችም።

እናቲቱ ልጅቱን እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ማምሻውን ልጅቱን ትኩሳት ያዛት፤ የበጋ ጉንፋን ነው፣ መንደሩን ሁሉ ይዞት ነበር፤ ግን ይህን ለእናት ማን ያስረዳል? በማግስቱ ልጅቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። እናቲቱ «ካሁን ወዲያ ትምህርት ይቅርባት» ማለቷ ተሰማ።

ቅዳሜ መምህርቷ ዓይኗ አብጦ ፍኖተ ሰላም መጣች። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት፤ ስሟን ባላነሣ ኖሮ ክፍሏ ውስጥ ጠጠሯን እየደረደረች ትኖር ነበር» እያለች አለቀሰች። ባለሙያው ከእሷ ብሶ ደነገጠ። እኔ ተናደድሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። «ተነሽ፣ እንሄዳለን» አልኋት። «አወድሰሽ ያበላሸሽውን ሰድበን እናቃናዋለን።»

ሚኒባስ ላይ ልምምድ ጀመርን። «በይ ስደቢያት» አልኋት።

«ትንሽ... ትቸኩላለች» አለች።

«ይኸ ስድብ ነው? ይኸ እኮ የሥራ ማስረጃ ነው! ከፍ አድርጊው።»

«እሺ... ጽሑፏ አይነበብም።»

ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ቄስ ዞር ብለው ልጅቱ ማን እንደሆነች ጠየቁን። ነገሩን ስንነግራቸው ጥምጥማቸውን አስተካክለው «እንዲያ አይደለም ልጄ» አሏት። «መጀመሪያ ማዘን ነው። ደረትሽን ይዘሽ ተንፍሺ። ከዚያ 'ምን አድርጌ እንደማሳድጋት እንጃ' በይ።» ረዳቱም ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ የራሱን ምክር ጨመረ። ማንኩሳን ስናልፍ የሚኒባሱ ሰው በሙሉ ያቺን የማያውቃትን ልጅ እየተቀባበለ ያማታል። ቡሬ ስንደርስ መምህርቷ እንደ ወላጅ እናት መሳደብ ችላለች። ቄሱ ሲወርዱ «ከዓይን ያውጣት፣ እች ምስኪን» ብለው መረቁን።

ከቡሬ ባጃጅ ይዘን፣ ባጃጁ ከማይሄድበት በእግራችን ገብተን ደረስን። አባቷ ከቦዩ ዳር አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ረዘም ያሉ፣ ዝምተኛ፣ ዓይናቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው። እናቲቱ ከበሩ ላይ ሆና መምህርቷን አንድ ጊዜ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ከውስጥ የልጅቱ ሳል ይሰማል። እኔ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውኃው ጠይቄ፣ ተጠይቄ ስጨርስ ደረቴን ይዤ ተነፈስሁ።

«የመጣንስ ልጅዎ አስቸግራን ነው» አልኋቸው።

«እንዴት አርጋ?» አሉ።

«ከሌሎቹ ልጆች እኩል መሄድ አቅቷታል። እነሱ አንድ ገጽ ሲይዙ እሷ ሌላ ገጽ ነች። እች መምህርት ደግሞ ገና ጀማሪ ናትና ነገሩ አልገባትም፤ የማይሆን ነገር ነግራችኋለች።»

መምህርቷ ቀበል አድርጋ «ተሳስቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለች። «ልጅ መለየት አልችልም። ምን አድርጌ እንደማስተምራት እንጃ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ እሱ ግን ልምምድ አልነበረም።

ሰውየው እኔን አዩ፤ መምህርቷን አዩ፤ ረጅም ጊዜ ውኃውን አዩ። ከዚያ ድንገት ወደ አጥሩ ዞረው «እናንተ! ኑ እስቲ፣ የዚችን ልጅ ጉድ ስሙ!» ብለው ጎረቤቱን ተጣሩ። ሰኞ ለት ውዳሴውን የሰሙት ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ሰውየውም «እንግዲህ እሜቴ፣ ያሉኝን ይድገሙልኝ፤ እነዚህም ይስሙት» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደገምሁት። ጨምሬበት ደገምሁት። ጎረቤቶቹ «ውይ፣ ምስኪን!» «ኧረ እኛም ብለን ነበር!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ሽማግሌ «እኔስ ጠጠር መልቀሟን አይቼ አዝኜላት ነበር» አሉ። ከከንፈራቸው ጠርዝ ላይ የተያዘውን ሳቅ አየሁት። እኚህ ሰው ማሳቸው ከቦዩ ጫፍ ነው።

«ስለዚህ» አልሁ «ለእንዲህ ያሉ ለሚያስቸግሩ ልጆች ቡሬ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ልዩ ትምህርት ልንከፍት ነው።»

በዚህ መሐል ልጅቱ ከቤት ብቅ አለች። ጋቢ ተከናንባለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «መምህርት፣ እኔ እኮ ሌላ ገጽ ላይ የሆንሁት ያኛውን ጨርሼው ነው...» ስትል እናቷ ዘላ አፏን ያዘችላት። ደጁ በሙሉ ቦዩን፣ ሰማዩን፣ ከብቱን ማየት ጀመረ። እናቲቱ ግን አፏን እንደያዘች ለመጀመሪያ ጊዜ መምህርቷን ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። ሰኞ ልጅቱ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

የቅዳሜው ትምህርት ነገር ግን አልቀናንም። አባቷ ሲሸኙን «ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» ብቻ ነው ያሉት። ሥራው ምን እንደሆነ እኔም፣ እሳቸውም፣ ጠጠሮቹም እናውቃለን። ያለ እሷ ተራውን ማውጣት አይችሉም፤ ተራው ከተበላሸ የውኃ ጠብ ይመለሳል፣ ክብራቸውም ይሄዳል። እሷን ከላኩ ደግሞ ጥበቡ የማን እንደነበር መንደሩ በግልጽ ያውቃል። መምህርቷ በመንገድ ላይ «ይመጡ ይሆን?» እያለች ስትጠይቀኝ እኔም አላውቅም አልኋት።

የመዝጊያው ቀን የኮሌጁ አዳራሽ ከወላጅና ከመምህር ጠበበ። ከትምህርት መምሪያው የመጡት ኃላፊ መድረክ ላይ ተቀምጠው በማይክሮፎን የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ እየጠሩ ያስፈቅዳሉ። ወላጆቹ ብድግ እያሉ አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ ይሁን» ይላሉ። መምህርቷ በሩን በሩን ታያለች። ልጅቱ ልትጠራ ስትል አባቷ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

ኃላፊው «አባት፣ ልጅዎ ልዩ ተሰጥኦ አላት ብለው ያምናሉ ወይ?» አሉ። ሌሎቹን ይህን ጥያቄ አልጠየቋቸውም ነበር፤ ለምን ለእሳቸው እንዳወጡት ዛሬም አላውቅም።

«የለም» አሉ ሰውየው።

መምህርቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምንም የላት። ለኔስ እዳ ናት» አሉ።

ኃላፊው ግራ ገብቷቸው ወደ ባለሙያው ዞሩ። «እንግዲያማ ወላጅ ካላመነ በደንቡ መሠረት...»

«አልጨረስሁም ጌታየ» አሉ አባት። «እች ልጅ አታርፍም። ስለዚህ የውኃ አባትነቱን ትናንት ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። የተራውን አወጣጥ እሷው ራሷ ከጠጠሩ ጋር አሳይታዋለች፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አይቷል። እኔ ካሁን በኋላ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ይዣት እመጣለሁ። ከነድክመቷ ተቀበሉኝ።»

ይህን ብለው የልጅቱን ራስ በእጃቸው ሸፈኑት፤ ከሁላችን ዓይን የሚጋርዷት ይመስል። አንድ ገበሬ በመንደሩ ፊት የነበረውን ክብር አውርዶ ለልጁ ሲል ባዶ እጁን ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው። ኃላፊው ገና እያሰቡ ሳለ ባለሙያው ተነሣ። ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው ያለ ማይክሮፎን «ፈቅደዋል! ከዚህ የበለጠ ፈቃድ ከየት ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹም፣ መምህሩም ወላጁም፣ በአንድ አፍ «ከዓይን ያውጣት!» አለ።

ስንሰነባበት የሒሳቡ መምህር ባለሙያውን «እርስዎስ ልጅ አለዎት?» ብሎ ጠየቀው። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ» አለ ባለሙያው፣ ማንጎውን ያለ ቢላዋ እያሸ። «ኧረ ምንም አትረባ!» ሁላችንም አጨበጨብንለት።

እኔ ግን ሰው ሲበተን ባዶ ክፍል ገብቼ ተቀመጥሁ። በሰውየው እጅ ሥር የተጋረደችው የልጅቱ ራስ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ያ የቡሬው ግቢ መጣብኝ። ያን ሁሉ መንገድ ስንቅ አዝላ መጥታ፣ ጭነቷን እንዳወረደች አከራያችን ፊት ፈዛዛ የምትለኝ እናቴ፤ ላቧ ገና አልደረቀም። ለፈዛዛ ልጅ በየሳምንቱ ያን መንገድ የሚመላለስ ማን አለ? ልጄን ለእንግዳ ስደብቀው ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብሁትም። ስልኬን አንሥቼ ደወልሁላት።

«እማ» አልኋት፣ ሰላምታውን ስንጨርስ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ጎበዝ ነበርሁ?»

«ኧረ ምኑን!» አለች ወዲያው። «አንቺ ደግሞ!»

ስልኩን ግን አልዘጋሁትም። እሷም አልዘጋችውም። ትንፋሿን እሰማዋለሁ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነው።»

«ዝጊው።»

ተነሥቼ ዘጋሁት። ያን ጊዜ እናቴ፣ እሷም በበኩሏ ግራ ቀኟን ያየች ይመስለኛል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ሚኒስትሪው ፈተናና ስለዚያ ሁሉ ስንቅ የምታስበውን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅሁትን ነገር አንድ በአንድ ነገረችኝ። ብዙ ነው ያለችኝ፤ አለቀስሁ። ምን እንዳለችኝ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ከዓይን ያውጣኝ።